የሰኪና የወረቀት አደዮች

ሰሞኑን፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጀሞ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ካለችው ሱቅ እርድ ገዛሁ። ባለሱቁ ፌስታል አልቆበት ስለነበር ከአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ቅጠል ቀደደና፣ በልጅነታችን ስኳር ይጠቀለል እንደነበረው አድርጎ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከሱቁ እስከ ደረጃው ድረስ ዝናቡ ያዘኝ። ቤት ገብቼ እጄን ስዘረጋ ወረቀቱ ርሶ፣ እርዱ በወረቀቱ ሰርጎ፣ የማላውቀው ተማሪ የሒሳብ ቁጥሮች በቢጫ ተውጠው አገኘኋቸው። ሽታው አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የረጠበ ወረቀትና የእርድ ሽታ አንድ ላይ የሸተተኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ «ደረጃው ነው» አልኩት። ደረጃው አልነበረም፤ ሰኪና ናት።

ያደግኩት መርካቶ ነው፤ ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ። አባቴ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል፤ እናቴ ለእሱም ለሌሎች ነጋዴዎችም የሐበሻ ቀሚስ ትጠልፋለች። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ክር የሌለበት ቦታ አልነበረም። ክር ከምንጣፉ ሥር ይወጣል፤ ክር ከአልጋ ልብሱ ላይ ይለቀማል፤ ወጥ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። አባቴ ከጉርሻው መሐል ቀይ ሐር ስቦ ሲያወጣ እናቴን ቀና ብሎ እያየ፣ «ዛሬስ ወጡም ጥለት አለው» ይል ነበር። እናቴ ብርሃኑን እየተከተለች ቀኑን ሙሉ ትጠልፋለች፤ ጠዋት በሩ አጠገብ፣ እኩለ ቀን ላይ ወለሉ መሐል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከትልቁ ሳጥን ጎን። ልጅ ሆኜ ሰዓት የማውቀው እናቴ የት እንደተቀመጠች አይቼ ነው። መርፌ ያስያዘችኝ ገና ፊደል ሳልጨርስ ነበር፤ ከሥራዋ የተረፈ ቁራጭ አቡጀዲ በክብ እንጨት ወጥራ ሰጠችኝና፣ «እጅሽ ሥራ ከፈታ አፍሽ ይሠራል» አለችኝ። አፌም እንደፈራችው ሥራ አልፈታም፤ እጄ ግን ለመደ።

ሰኪና የበርበሬ በረንዳው ነጋዴ የጋሼ ሸምሱ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋን በመዳፏ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ልብሷ ምንም ቢታጠብ በርበሬና ኮረሪማ ይሸታል፤ መምህራችን ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ እየጻፈ ሳለ ሲያስነጥሰው፣ «ሰኪና፣ ዛሬም አርፍደሽ ገባሽ?» ይላታል፣ ዞር ብሎ ሳያይ። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ እሷም መዳፏን አፏ ላይ ጭና ትስቃለች። እኔ ግን ያ ሽታ ከጎኔ ሲጠፋ ደስ አይለኝም ነበር፤ ታማ የቀረች ቀን ዴስኩ ራሱ ባዶ ማሰሮ ይመስለኛል።

ነገሩን የጀመረችው የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ናት። አንድ ቀን አራቱን ወቅቶች ሰሌዳ ላይ ጻፈችና ስለ መፀው አወራችልን፤ ክረምቱ አልቆ፣ ጉሙ ተገፎ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ስለሚለብስበት፣ ጤፉ እሸት ስለሚሆንበት፣ ወንዙ ስለሚጠራበት ጊዜ። እኛ የመርካቶ ልጆች ተያየን። የምናውቀው መፀው ጭቃው ደርቆ አቧራ የሚሆንበት፣ የሸራ ጣሪያዎች ላይ የተኛው ውሃ ሰው አናት ላይ መደፋት የሚያቆምበት፣ ተሸካሚዎች በባዶ እግራቸው መሄድ ትተው ጫማቸውን መልሰው የሚያጠልቁበት ጊዜ ነው። አደይን ያየነው በዓል ሲደርስ ሴቶች ከእንጦጦ በኩል ከቄጠማው ጋር በጀርባቸው አዝለው ሲያመጡት ብቻ ነበር። ከመሬት ሲበቅል ስላላየነው ሥር ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰኪና፣ «እኛም የራሳችንን መፀው እንሥራ፤ አንቺ በክር፣ እኔ በወረቀት» አለችኝ። የዚያን ዓመት የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ እኔ አደይ የጠለፍኩበት መሐረብ ሰጠኋት፤ እሷ ደግሞ የወረቀት አደይ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር ልማድ ሆነ።

የእኔ መሐረቦች እናቴ ከቀሚስ በተረፋት ክር የተሠሩ ስለነበሩ ቀለማቸው የበዓሉ ሳይሆን የደንበኞቿ ምርጫ ነው። አንድ ዓመት አረንጓዴ ክር ስላልነበረ ቅጠሉን ወይን ጠጅ አደረግኩት፤ ሰኪና ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ፣ «ይሄኛው ብርድ የመታው ነው?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ የጠለፍኩትን የመስቀል ወፍ አባቷ አይተው፣ «ዶሮዋ ታምራለች» ብለው አመስግነውኛል። የእሷ ግን የእጅ ጸጋ ነበር። ወንዶቹ በዓል ሲደርስ አበባና መልአክ በቀለም እየሳሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ እሷ ወረቀቱን ራሱን ነው የምትሠራው። ያለቁ ደብተሮችን ቀድዳ በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፤ ከዚያ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ የላመውን በወንፊት ላይ በስሱ አንጣፋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። የሚወጣው ወረቀት ወፍራም፣ ሻካራ፣ ዳርና ዳሩ የተበላ ነው። ቢጫው ከእርድ ነው የሚመጣው። ሙቀጫውም ወንፊቱም የአባቷ መደብር ዕቃ ስለሆነ በወረቀቱ መሐል የጥቁር አዝሙድ ፍሬ፣ የኮረሪማ ስባሪ፣ ቀያይ ነጠብጣብ ይታያል። የመጀመሪያውን ክፍል ውስጥ ይዛው የገባች ቀን ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ተራ በተራ አስነጠሰ። እኔ ያን ወረቀት ትራሴ ሥር አድርጌ ስተኛ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫዬ ይበላኛል፤ አላወጣውም።

የመጨረሻው ዓመት አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ብሩክ የተወለደው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው፤ እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘችው ወንድ ልጅ፣ ድክ ድክ እያለ መሄድ የጀመረ፣ ጥርሱ እየወጣ የሚያስለቅሰው። የዋዜማው ዕለት ጠዋት ሰኪና መጣች። ያን ዓመት የሠራችው እስከዚያ ከሠራችው ሁሉ የላቀ ነበር፤ አንድ ዘለላ የወረቀት አደይ፣ በክር የተሰካኩ፣ ቅጠሎቻቸው በእርድ የቢጫ ቢጫ፣ መሐላቸው ደግሞ ቀይ። ቀዩን ያገኘችው በርበሬ በሙጫ ለውሳ ነው። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ራሷ ሰቀለችውና ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ «እትዬ በለጡ፣ ቀዩ በርበሬ ነው፤ ያቃጥላል፤ ሕፃኑ እንዳይነካው» አለች። እናቴ ከጥልፏ ቀና ሳትል፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ይህን የሰማሁት በጆሮዬ ነው። የእኔ መሐረብ ገና አላለቀም ነበር፤ ሰኪና «ከሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ» ብላ ሄደች።

ያን ቀን እናቴ ሰው አትመስልም ነበር። አንድ ሙሽራ የምትለብሰው ቀሚስ እጇ ላይ ነው፤ ለበዓሉ መድረስ አለበት፤ አባቴ ከመደብሩ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ አስጠይቋል። ብሩክ ያለቅሳል። አዘለችው፤ ያለቅሳል። አወረደችው፤ ያለቅሳል። እኔ በሩ አጠገብ መሐረቤን እየጠለፍኩ ነበር። «ተቀበዪኝ» ብትለኝ እቀበላት ነበር፤ ነገር ግን አላለችኝም። መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰካች፣ ተነሣች፣ የወረቀቱን ዘለላ ከሚስማሩ አወረደችና እጁ ላይ አደረገችለት። ብሩክ ዝም አለ። ቢጫውን እያየ፣ እያንኮሻኮሸ፣ ምራቁ እየተዝረበረበበት ለብቻው ይስቃል። እናቴ እፎይ ብላ ተቀመጠችና ክሯን ሳበች። እኔ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ሰኪና ያለችውን አስታውሻለሁም። ከእናቴ በላይ አላውቅም ብዬ ይሁን ፈርቼ፣ ወይ ደግሞ ልቤ መሐረቤ ላይ ስለነበር ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼው አላውቅም፤ ብቻ ጎንበስ ብዬ መጥለፌን ቀጠልኩ።

ጩኸቱ የተለየ ነበር። ልጆች ሲወድቁ የሚጮኹት ዓይነት አይደለም። ዘወር ስንል ብሩክ ቀይ በሆነ ጣቱ ዓይኑን እያሸ፣ ባሸ ቁጥር ይብሱን እየተቃጠለ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እናቴ ቀሚሱን ወለል ላይ ጥላ ያዘችው። ውሃ አፈሰስን፣ ጎረቤት ገባ፣ አንዷ ወተት አለች፣ ሌላዋ ቅቤ አለች፤ ዓይኑ ግን አብጦ ተደፈነ። ልክ በዚያ ሰዓት ሰኪና በግቢው በር ገባች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ሻርፗን አዲስ አስራለች። መሐረቧን ልትወስድ ነው የመጣችው። እናቴ አየቻትና ልጁን እንደታቀፈች ወደ በሩ ወጣች።

«አንቺ ነሽ! አንቺ የበርበሬ ልጅ! ልጄን አጠፋሽብኝ፣ ዓይኑን አወጣሽብኝ!»

ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሰኪና ባለችበት ደረቀች። ብሩክን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። መሐረቡ በግራ እጄ ነው፣ መርፌው እንደተንጠለጠለ። እኔ አውቅ ነበር፤ እናቴም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሰኪና አንድ ቃል እንድናገር ጠብቃኛለች፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ደግሞ እናቴን ጎረቤት ፊት እንዴት ውሸታም ላድርጋት? ዝም አልኩ። ሰኪና ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዳ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ሮጠች።

ጤና ጣቢያ የበርበሬ ፍሬ ስባሪ ዓይኑን ጭሮታል አሉና ቅባት አደረጉለት፤ በነጭ ፋሻ አሰሩለት። ያን ዕለት ማምሻውን የሰኪና እናት እትዬ ከድጃ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «በለጡ፣ አፉ በይን፤ ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው» እያሉ በራችንን አንኳኩ። እናቴ አልከፈተችም። አባቴ፣ «ኧረ ክፈቺ፣ ነውር ነው፤ የአንድ ሰፈር ሰው ነን» ቢላት፣ «ልጄ ይዳንና እከፍታለሁ» አለች። በበሩ ስንጥቅ የሰኪናን የበዓል ጫማ አይቻለሁ። አንዱ ጭቃ ነክቶታል። ቆይተው ሄዱ።

ብሩክ ዳነ። ደመራው ሲለኮስ አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጦ በሁለቱም ዓይኑ እሳቱን ያይ ነበር። ይህን ሄደን እንንገራቸው ያለ ግን የለም። አባቴ አንድ ሁለት ጊዜ ጀምሮት ነበር፤ እናቴ «እነሱ ይምጡ» አለችው፤ መጥተው በር እንደተዘጋባቸው እሱም አላነሣም። ትምህርት ሲጀመር ዴስኩ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ በርበሬ በረንዳ ድረስ ሄድኩ፤ ጋሼ ሸምሱን መደብራቸው ደጃፍ ቆመው ሳያቸው ከተከመረው ማዳበሪያ ጀርባ ተደበቅኩ። ጎናቸው ለነበረ ነጋዴ፣ «ልጅቷን ቡታጅራ ላክናት፤ እናቴ ዘንድ ትሁን» ሲሉ ሰማሁ። ማዳበሪያው የበርበሬ ነበርና ሳስነጥስ ዞሩ። ሮጥኩ። መሐረቡን ከዚያ በኋላ አልጨረስኩትም፤ አንድ ቀን እናቴ የፋኖስ ብርጭቆ ስትወለውልበት አየሁ።

ዓመታት እንዲሁ አለፉ። እኔ ተማርኩ፣ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ብሩክ ከባድ መኪና ሹፌር ሆነ፤ ዓይኑ የሩቅ ታርጋ ስለሚያነብ ጓደኞቹ «አሞራው» ይሉታል። እናቴ ስታረጅ ከሁሉ ቀድሞ የከዳት ዓይኗ ነው፤ ዘመኗን ሙሉ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ያኖረችው ዓይን። ልትሞት አካባቢ እኔ ቤት ነበረች። አንድ ከሰዓት ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ሳለ ድንገት፣ «ያቺ የሸምሱ ልጅ የት ደረሰች?» አለችኝ። በአርባ ዓመት ውስጥ እሷን ስታነሣ የመጀመሪያዋ ነው።

«አላውቅም እማዬ» አልኳት።

«አይተሻል አይደል? ያን ቀን። ስሰጠው።»

«አይቻለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ተኝታ መስሎኝ ነበር። «እኔ እንኳ አንድ ቀን ትናገርብኛለች ብዬ ስፈራሽ ኖሬአለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ብትናገሪብኝ ይሻለኝ ነበር።» ጥፍሯን ቆርጬ ጨረስኩ። ከዚያም ብዙ አልቆየችም።

ለቅሶ ላይ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሰኪና ከቡታጅራ ተመልሳ የአባቷን መደብር እንደያዘች ነገረችኝ። መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መርካቶ ስገባ በርበሬ በረንዳን በሩቅ ዞሬ ነበር የማልፈው፤ ራሴንም «ሽታው ስለሚያስነጥሰኝ ነው» እያልኩ አታልላለሁ። ሰሞኑን ያ የእርድ ወረቀት እጄ ላይ ርሶ ባይገኝ ኖሮ እስከ ዛሬም በሩቁ እየዞርኩ ነበር። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ታክሲ ያዝኩ።

በርበሬ በረንዳ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል፤ ፎቁ፣ መንገዱ፣ የሰዉ ሩጫ። አየሩ ግን አልተለወጠም፤ ገና ከመግባቴ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሰኪና በማዳበሪያዎች መሐል ሚዛን ፊት ቆማለች። ወፍራለች፤ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ ሽርጥ ታጥቃ፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። ሳቀችና መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ያኔ እሷ መሆኗን አወቅኩ። ማስነጠሴ ሲሰማ ዞር ብላ አየችኝ፤ ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ።

«ትርሲት ነሽ?»

«ነኝ።»

ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ እንዴት ነሽም አላለችኝም። ፊቷ እንደዚያን ዕለት፣ በግቢያችን በር ላይ እንደደረቀችበት ሰዓት ሆነ። ወደ እኔ ቀረብ አለችና ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጁስ?» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

«ሕፃኑ። ዓይኑ። ዓይኑ ጠፋ?»

መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም። ቀስ እያለ ገባኝ። ቡታጅራ ስትላክ ብሩክ ገና ፋሻው አልተፈታም ነበር፤ ከሁሉ በኋላ የሰማችው ዓይኑን አወጣሽብኝ የሚለውን የእናቴን ጩኸት ነው። ወላጆቿ ለመጠየቅ አፍረው፣ እሷም ለመጠየቅ ፈርታ፣ ያን ጩኸት ብቻ ይዛ ኖራለች። «ድኗል እኮ» አልኳት፤ «ሰኪና፣ በዚያው ወር ድኗል። ሹፌር ነው። ከእኔ ከአንቺ ይልቅ ያያል።»

ከጎኗ ያለው ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደገመችው፤ ደጋገመችው። እንባዋን ልትጠርግ እጇን አነሣችና የበርበሬ እጅ መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። እንባው ዝም ብሎ ወረደ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከሁሉ በፊት ያየችው ዓይኑን እንደሆነ ነገረችኝ፤ አላህ የዚያን ልጅ ዓይን በልጄ ይቀበለኛል ብላ። በየረመዳኑ ለብሩክ ዱዓ ስታደርግ ስሙን ለመጥራት ስለማትደፍር «የትርሲት ወንድም» እያለች እንደነበር ነገረችኝ። ልጆቿን መደብሩ ደጃፍ አስደርሳቸው አታውቅም። «ወረቀትስ?» ስላት መጀመሪያ ምን እንዳልኳት አልገባትም፤ ከዚያ ሳቅ አለች። «ምን ወረቀት? እነዚያ እጆች አሁን ሚዛን ነው የሚያውቁት። ትምህርቱም እዚያው ቀረ። አያቴ ታመው ነበር፣ እህቶቼ አግብተዋል፤ በዚያም በዚህም ይቀር ነበር ይሆናል። እንጃ።»

«እንጃ» ያለችው እኔን ልታሳርፍ ነው። አላሳረፈኝም። ስለዚህ ዘለላውን ከሚስማሩ ያወረደው ማን እንደሆነ፣ ብሩክ እጅ ላይ ያደረገው ማን እንደሆነ ነገርኳት። እናቴ መሞቷንም ነገርኳት።

«አንቺስ?» አለች። «አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?»

«እዚያው። አጠገቧ።»

አንዲት ሴት መጥታ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ጠየቀች። ሰኪና ተነሥታ መዘነችላት፤ ላስቲኩን ቋጠረች፤ መልሷን ሰጠቻት፤ «አላህ ያክብርልሽ» ብላ ሸኘቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ሴትየዋ ርቃ ስትሄድ፣ «እናትሽን አላህ ይማራት» አለች። «እናት ናት፤ ደንግጣ ነው።» ስለ እኔ ምንም አላለችም። «አፉ በይኝ» አልኳት። «አፉ በሉን ብለው ደጃችሁ ቆመው በር ያልተከፈተላቸው እናቴ ናቸው» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «አፉ ብያለሁ፤ በቶሎ መጥተሽ ብትነግሪኝ ግን ምን ነበረበት ትርሲ?» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። በበርበሬ በረንዳና በሸማ ተራ መሐል እኮ አገር የለም፤ ሰው ሸክሙን ሳያወርድ የሚያልፈው መንገድ ነው ያለው። እኔ ግን ያን መንገድ ለመሻገር የእናቴን ሞት፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ጠብቄአለሁ። የጠፋብኝ ጓደኛዬ ብቻ መስላኝ ስቆዝም ኖርኩ፤ ከእሷ የጠፋው ግን ያ ሁሉ ሰላም ያለው እንቅልፍ ነው።

ስንለያይ፣ «ላየው እችላለሁ?» አለችኝ።

ብሩክን በስልክ ነገርኩት። ታሪኩን ከእኔ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ማንም አንሥቶት አያውቅም። «እታለም፣ ይሄን ሁሉ ዘመን?» ብቻ አለኝ። ቅዳሜ ዕለት ጭነቱን አራግፎ፣ መኪናውን ጎጃም በረንዳ በኩል አቁሞ መጣ። ሰፊ ትከሻውን በማዳበሪያዎቹ መሐል እያጠበበ ገብቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ ሰኪና፣ ብሩክ ነኝ» አላት። ሰኪና ቀና ብላ አየችው፤ ጥርስ ሲወጣለት ያየችው ልጅ ጢም አብቅሏል። ሊጨብጣት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አለችና ከመደብሩ ጥግ ካለው ጀሪካን ውሃ ቀዳች። እጇን በሳሙና ታጠበች። ደግማ ታጠበች፤ በጥፍሯ ሥር ያለውን ሳይቀር በአውራ ጣቷ ፈገፈገች፤ በንጹሕ ፎጣ አደረቀች፤ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። እንደገና ታጠበች። ብሩክ ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ብቻ መጥታ አገጩን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ወደ ብርሃኑ መለስ አደረገችው።

ብሩክ ሊያስቃት ፈልጎ፣ «የትኛው እንደነበር እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም» አለ።

እኔ አፌን ከፍቼ «ቀኙ» ልል ነበር።

«ግራው ነው» አለች ሰኪና፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።